የደፈንኋቸው ቀዳዳዎች

ማክሰኞ፣ ሰኔ 14 ቀን 2008 ዓ.ም.፣ ዳንግላ

ጧት ዝናቡ ሲያባራ ወደ አሮጌው የድንጋይ ድልድይ ወረድሁ። የጎኑ ግንብ ወደ ውጭ አብጧል። በቅስቱ ላይ እጄን የሚያስገባ ስንጥቅ ወጥቷል።

አምና እንግዶች ይመጣሉ ተብሎ ድልድዩ ሲታደስ ግንበኛው እኔ ነበርሁ። የእድሳቱ ኮሚቴ ሰብሳቢ በግንቡ ላይ የተደረደሩትን ቀዳዳዎች አይቶ «ይኼ የወፍ ጎጆ ነው የሚመስለው፣ ድፈነው» አለኝ። «ከውስጥ ያለው ውሃ የሚወጣበት ነው» አልሁት። «አንተ ደግሞ መቼ መሐንዲስ ሆንህ?» ሲለኝ የቆሙት ሁሉ ሳቁ። እኔም አብሬ ሳቅሁ። ከዚያ አንድ በአንድ በሲሚንቶ ደፈንኋቸው፤ ላዩን ኖራ ቀባሁት። እንግዶቹ ከመኪናቸው እንኳ ሳይወርዱ አለፉ።

ዛሬ ጋሪ ነጂው አያ ተሰማ ፈረሳቸው አልሻገርም ብሏቸው ድልድዩ አፍ ላይ ቆመው አገኘኋቸው።

«ይኼን የመሰለ ድልድይ ምን አገኘው?» አሉኝ።

«እርጅና ነው፣ አያ።»

«እንደኔ ማለት ነዋ» አሉና ፈረሳቸውን መለሱ። አጎንብሰው ሲሄዱ እያየሁ ቆምሁ። ስንቱን ክረምት በቻለ ድንጋይ ላይ በሐሰት መሰከርሁ። ስንጥቁ ስር የራሴ ሲሚንቶ አንድ ጠብታ ሳያሳልፍ ተጣብቆ ይታያል። በሕይወቴ እንደዚያ አጥብቄ የሠራሁት ሥራ የለኝም።

ከሰዓት ሰብሳቢው ደወለ። ሰው ሳያየው ነገ ስንጥቁን በሲሚንቶ እንድለስነው ነው። «እሺ» አልሁት። ውሃው በየት ይውጣ ብሎ አልጠየቀኝም፤ እኔም ዘንድሮ አልነገርሁትም።