አሥራ አንድ ሱፍ ስለሚያወጣው ካርድና ገና ስላልተወለደው ኮንሶል

ለተከበሩ የዋጋ ተመን መምሪያ ኃላፊ፣
ለኮምፒውተሩም ለኮንሶሉም ቺፕ ለሚያመርተው ታላቅ ድርጅት፣
ባሉበት።

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንደ ዋጋዎ በየሦስት ወሩ ከፍ ከፍ እንዲል፣ ዕድሜዎም እንደ ማስታወቂያዎ እንዲረዝም ከልብ እመኛለሁ። እኔ ሁለት የስፌት መኪናና አንድ መስታወት ያላት ጠባብ ሱቅ ውስጥ የምሠራ ልብስ ሰፊ ነኝ። ይህን ደብዳቤ በአደባባይ የምጽፍልዎ፣ ከዚህ ቀደም በግል የላክኋቸው ሁለት ደብዳቤዎች «መልእክትዎ ለእኛ እጅግ ክቡር ነው» የሚል መልስ ብቻ ስላመጡልኝ፣ እንዲህ ያለውን ክብር ብቻዬን ታቅፌው መቀመጥ ከብዶኝ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ልጄ ዘጠኝ ዓመቷ ሳለ፣ ጎን ለጎን ተቀምጠን ከተማ የምንገነባበት አንድ ጌም አብረን እንደምንጫወት ቃል ገባሁላት። ቤት ያለው አሮጌ ኮምፒውተር ጌሙን ሲከፍቱበት ጥቂት አቃስቶ ድርግም ስለሚል፣ አዲስ ኮምፒውተር ዕቃ በዕቃ እየገዛሁ ልገጥምላት ቆርጬ ተነሣሁ። ዛሬ ልጄ አሥራ ሦስት ዓመቷ ነው። ትምህርት ሲከፈት ሌላ ከተማ ወዳለ አዳሪ ትምህርት ቤት ትሄዳለችና የቀረን ዘጠኝ ሳምንት ብቻ ነው። ከተማችን ግን እስካሁን አንዲት ጡብ አልተጣለባትም፤ ሥዕሉን ስክሪን ላይ የሚያወጣው የእርስዎ ግራፊክስ ካርድ ጎድሎናል።

የትኛው ምስጋና፣ የትኛው ቅሬታ እንደሆነ ለመለየት እርስዎ ከእኔ ስለሚሻሉ ሁሉንም አንድ ላይ በቁጥር አስቀምጫለሁ።

፩. እኔ ዋጋ የሚገባኝ በሱፍ ሲሰላልኝ ነው፤ ማለትም ስንት ሙሉ ሱፍ ሰፍቼ ዕቃውን እንደምገዛው ነው የማስበው። ቃል በገባሁበት ዓመት ካርድዎ አራት ሱፍ ነበር። አራቱን ሰፍቼ ብሄድ ስድስት ሆኖ ጠበቀኝ። ስድስቱን አድርሼ ብቅ ስል፣ ምን ቢሆን ጥሩ ነው? ስምንት! እነሆ ዘንድሮ አሥራ አንድ ሱፍ ገብቷል። ባለፈው ወር አንድ ሙሽራ ሠርጉን ለሌላ ጊዜ ሊያስተላልፍ እንዳሰበ ቢነግረኝ ከሙሽሪት እናት ይልቅ የደነገጥሁት እኔ ነኝ፤ አስቀምጬም አንድ ሰዓት ሙሉ ስለ ትዳር ጥቅም መከርሁት። በሃያ ሁለት ዓመት ሥራዬ ሰው እንዲጋባ እንዲህ ተጨንቄ አላውቅምና፣ ለትዳር መስፋፋት ያደረጉት አስተዋጽኦ የሚዘነጋ አይደለም።

፪. ካርዱ እስኪረክስ እጄን አጣጥፌ አልቀመጥም ብዬ ከርካሽ ከርካሹ ጀመርሁ፤ መብራት ያለው ኪቦርድ ገዛሁ፣ መብራት ያለው ማውስ ገዛሁ፣ ቀጥሎም ዕቃዎቹ ሁሉ የሚታጨቁበትን የቆርቆሮ ሣጥን፣ ኬዝ የሚሉትን፣ እሱንም ከነመብራቱ ገዛሁ። ጨርቅ ሳይኖረው የኮት ቁልፍ ብቻ ይዞ የሚመጣ ደንበኛ ሲያጋጥመኝ ስቄ የምሸኝ ሰውዬ፣ እኔው ራሴ ቁልፍ ብቻ ታቅፌ አራት ዓመት ተቀመጥሁ ማለት ነው። ካርድዎ ደግሞ በየዓመቱ እንደ ጎረምሳ ስለሚመዘዝ ኬዙ ውስጥ አልገባ እንዳይል ሰጋሁና፣ ሜትሬን አንገቴ ላይ ጣል አድርጌ ወደ ኮምፒውተር መሸጫው ሄድሁ። ሻጩ ሳይገዙ ካርቶኑ አይከፈትም አለኝ። እኔም ካርቶኑን ለካሁት፤ በሙያዬ ልማድም ለስፌት ይሁን ብዬ ሁለት ጣት ጨመርሁበት። ልኩን ለጎረቤቴ ለበያጁ ሰጠሁት፤ እሱም ሰው አክባሪ ስለሆነ ምንም ሳይጠይቅ ኬዙን ቆርጦ፣ ቆርቆሮ ቀጥሎ አስረዘመልኝ። ካርዱ ከካርቶኑ ሲሶውን ብቻ እንደሚይዝ፣ የቀረው ስፖንጅና «እንኳን ደስ ያለዎት» የሚል ወረቀት እንደሆነ የነገረችኝ ልጄ ናት፤ ያውም ሳቋን እንደምንም አፍና። የሰው ሆድ በሰፋ ቁጥር ሱሪ ሳሰፋ የኖርሁ ሰው፣ ባዶ ካርቶን ለክቼ ቆርቆሮ አሰፋሁ። አሁን ኬዛችን የዶሮ ቤት ያህላል፤ ባለፈው ሳምንት ባለቤቴ ብርድ ልብስ ልትከትበት ስትል ደርሼ በስንት ልመና አስጣልኋት።

፫. የባለቤቴ ወንድም አለ። ምንም ነገር ሊገዙ ሲሉ ስለሚከለክል ቤተሰቡ «ቆይ ትንሽ» ብሎ ይጠራዋል፤ ራሱም ይህንኑ ምክሩን ተከትሎ በአርባ አንድ ዓመቱ ሳያገባ ቀርቶ፣ የእኔንም አንድ የሠርግ ሱፍ አስቀርቶብኛል። ይህ ሰው፣ ለአንድ ካርድ አሥራ አንድ ሱፍ ከምታወጣ፣ ቴሌቪዥን ላይ ተሰክቶ ጌም የሚያጫውተው አዲሱ ኮንሶል እስኪወጣ ጠብቅ፤ ካርዱም ሚሞሪውም ሁሉም ነገር ውስጡ ሆኖ ከአምስት ሱፍ አይበልጥም አለኝ። አመንሁትና ጠበቅሁ። አንድ ዓመት ጠብቄ ምን አገኘሁ? የእርስዎን መግለጫ! ለሰው ልጅ የሚያስቡ ማሽኖች፣ አርቲፊሻል ኢንተለጀንስ የሚሏቸው፣ በዓለም ያለውን ሚሞሪ ጠራርገው ስለወሰዱት ኮንሶሉ እንደሚዘገይ፣ ዋጋውም «ገና እንዳልተወሰነ» በትሕትና አስታወቁን። «ገና አልተወሰነም» የሚለውን አነጋገር እኛም ልብስ ሰፊዎች እናውቀዋለን፤ የደንበኛውን ጫማ አይተን እንነግረዋለን ማለት ነው። ካርዱን ልግዛ ብል ዋጋው አያስጠጋም፣ ኮንሶሉን ልጠብቅ ብል አልተወለደም። ያልተወለደ ዕቃ ሲወደድ ያየሁት በእርስዎ ዘመን ነው። ለእኛ ከሚያስቡት ማሽኖች አንዱንም፣ ሚሞሪያችንን ከወሰደ አይቀር ያስብልኝ ብዬ ምን ይሻለኛል ስል ጠይቄው ነበር። በሦስት ገጽ መልሱ፣ ጥቂት ቢቆዩ ይመከራል አለኝ። ከአማቼ የሚለየው እራት አለመብላቱ ብቻ ነው።

፬. ይህ ተራ ቁጥር ባለቤቴ ካነበበችው በኋላ ወጥቷል። ለአደባባይ የማይሆኑ ሁለት ቃላት አሉበት ብላለች። በጠቅላላው የጻፍሁት አራት ቃል ነበር።

፭. ባለፈው እሑድ ልጄ ሱቅ መጥታ አጠገቤ ተቀመጠችና፣ አባዬ፣ በቃ ተወው፣ እኔ እኮ አድጌያለሁ አለችኝ። ጌሙ አስጠልቷት አይደለም፤ ለእኔ አዝና ነው። ክቡር ሆይ፣ እዚህ ላይ ቀልድ የለኝም። እርስዎ ዋጋ በጨመሩ ቁጥር እኔ «በሚቀጥለው ወር» እያልሁ አራት ዓመቷን በላሁባት፤ እሷም ጨዋ ናትና አንድ ቀን «የቱ ወር?» ብላ አልጠየቀችኝም።

ስለዚህ የምለምንዎ ትንሽ ነገር ነው። ካርዱን ይስጡኝ አላልሁም፤ ለዘጠኝ ሳምንት ያውሱኝ። ልጄን አውቶቡስ ላይ እንደሸኘሁ ጠራርጌ፣ ከነስፖንጁና ከነእንኳን ደስ ያለዎቱ እመልስልዎታለሁ። ለውለታዎም አንድ ሙሉ ሱፍ እሰፋልዎታለሁ፤ ልክዎን ብቻ ይላኩልኝ። የኪሱን ነገር ሰፋ አድርጌ እንደምሠራው አይጠራጠሩ።

ዝቅ ብዬ እጅ በመንሣት፣ ቀና ስልም የዛሬውን ዋጋ ስላየሁ እንደገና ዝቅ በማለት፣

የማይገዛ፣ ነገር ግን ከደጅዎ የማይጠፋ ደንበኛዎ፣
ልብስ ሰፊው

ማስታወሻ፦ ይህን ደብዳቤ ልልክ ስነሣ ልጄ ወረቀት ላይ ዳማ አስምራ፣ ከሱቄ አጠገብ ካለው መጠጥ ቤት ደጃፍ ሃያ አራት ቆርኪ ለቃቅማ መጣች። ሦስት ጊዜ ተጫወትን፤ ሦስቱንም ያለርኅራኄ አሸነፈችኝ፤ አባዬ ነገም እንጫወታለን አለችኝ። ድርጅትዎ ወደ ቆርኪ ንግድ የመግባት አሳብ ካለው ግን፣ ስለ ልጄ ብለው ቀደም አድርገው ይንገሩኝ፤ በነፃ ሳለ አንድ ጆንያ ልልቀም።