የቡሌን ቁልቁለት የቻለው ፍሬን

ረቡዕ፣ ጥቅምት 9 ቀን 1998 ዓ.ም.

ፍሬኑ ያዘ። ባለቤቴ አይሱዙውን ገብስ እንደጫነ ከቡሌ ዲላ አወረደው፤ የተቃጠለ የፍሬን ሸራ ሽታ እንኳ አልሸተተኝም። ሸራውን ልናስቀይር ስንሄድ መካኒኩ ቶሎ የማያልቀውን ሲያሞግስ፣ እኔ ሲግል የማይከዳውን ነው የምንገዛው ብዬ ድርቅ አልኩ። «የሹፌር ልጅ፣ ደግሞ መካኒክ መሆን አማረሽ?» ብሎ ባለቤቴ ሳቀብኝ።

አባባ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ቁልቁለቱ መሀል መኪናውን አቁሞ ጎማው ሥር ታኮ ያደርግና «ፍሬኑ እስኪበርድ ዝፈኚልኝ» ይለኝ ነበር። እኔ ጨዋታ ይመስለኝ ነበር፤ ለካ ፈርቶ ኖሯል።

ዛሬ እዚያ ቦታ ስንደርስ ባለቤቴን «አቁም» አልኩት።

«ኧረ አልጋለም፣ ምን ሆንሽ?»

«ይሁን፣ አቁም።»

ወርጄ ያኔ ለአባባ ከምዘፍንለት አንዲቱን ዘፈን እስከ መጨረሻዋ ዘፈንኳት። አልሳቀብኝም።

ፍሬኑ ስለያዘ የምደግሰው ድግስ እሁድ ነው። ከእህቶቼ አንዳቸውም እንዳይቀሩ፤ መካኒኩም ቢሆን ይምጣ።