የመጀመሪያዋ ጥጃ ለማን

ኅዳር 4
በቆሎ ስዘራ ዋልኩ። ወገቤ...
ላሟ ደርሳለች፣ ግቷ ሞልቷል። መንግሥት ላሟን ሲሰጠኝ የተስማማነው ግልጽ ነው፦ መጀመሪያ የምትወለደው ሴት ጥጃ በመዝገቡ ላይ ቀጥሎ ላለው ቤተሰብ፣ ለባለተራው ትሰጣለች። ባለተራውስ ማን ሆኖ ተገኘ? ዋርሳዬ ሀቤንዙ! ባሌን በቀበርን ሳምንት «የወንድሜ ናቸው» ብሎ በሬዎቻችንን የነዳው። አምና እነሱም፣ የራሱም ከብቶች በበሽታ አለቁ። አሁን ከእኔ እጅ ይቀበል?
ወንድ ይሁን። ወንድ ከሆነ አልሰጥም።

ኅዳር 9
ሴት ናት።

ኅዳር 10
ግንባሯ ነጭ፣ እግሯ ረጅም። ታምራለች፣ ምን ያደርጋል...
ጎረቤቴ «ሞተች በያቸውና ወንድምሽ ጋ ስደጃት» አለችኝ። ተቆጣኋት። ግን ቀኑን ሙሉ ስንቴ አሰብኩት?

ጥር 2
የሀቤንዙ ሚስት ቺፔጎ ሣር ተሸክማ መጣች።
«ለጥጃዋ ነው፣ እትዬ።»
«እሱ ነው የላከሽ?»
«እሱማ ለመምጣት አፈረ።»
«በሬ ሲነዳ አላፈረም!»
ልትወጣ ስትል፦ «እኔስ ምን አለኝ? ነገ እሱ ቢሞት ወንድሞቹ እኔንም እንዳንቺው ነው የሚያደርጉኝ።»
ሣሩን አስቀምጣ ሄደች።

መጋቢት 20
ጥጃዋ ጡት ጥላለች። ርክክቡ ደረሰ። አንዴ እቀመጣለሁ፣ አንዴ እነሣለሁ። የግብርና ሰዎቹ ጥጃዋ «ለቤተሰቡ» ነው የሚሉት። ቤተሰብ ማለት ማን ነው?

ሚያዝያ 12
ሰው ሁሉ ተሰብስቧል። ሀቤንዙ ኮት ለብሶ እጁን ዘረጋ። አለፍኩት።
«ቺፔጎ፣ ነይ ገመዱን ያዢ።»
የግብርና ባለሙያው አቶ ሙዌትዋ ግራ ገባው። «አባወራው እኮ...»
«እሷስ ቤተሰብ አይደለችም? በስሟ መዝግብልኝ። ነገ ባሏ ቢሞት ማንም መጥቶ እንዳይነዳባት!»
ከሴቶቹ አንዷ እልል አለች። ባለሙያው ሀቤንዙን አየው። ሀቤንዙ መሬት መሬት እያየ፣ «በስሟ ይሁን» አለ።
ጥጃዋ አልሄድም ብላ ድርቅ አለች። እኔው እየመራሁ ግቢያቸው ድረስ ወሰድኳት። ከቀብሩ ወዲህ ረግጬው አላውቅም። ቺፔጎ የበቆሎ መጠጥ ሰጠችኝ። ጠጣሁ።
ሀቤንዙ በረቱን ሲያጥር ቆየ። ከዚያ ቀና ሳይል፣ በልጄ ስም ጠራኝ፦
«የሉምባ እናት... እስኪ እዪልኝ፣ ይህ እንጨት ጠብቋል?»
እንጨቱን ነቀነቅኩት።
«ጠብቋል» አልኩት።