ከስልሳ በታች ያለውን ሁሉ

ለወንድም ጋሼ፣ ሰላምታዬ ካለህበት ይድረስህ፤ ሥራው፣ ጤናው እንዴት ይዞሃል? እኛ ደህና ነን።

ሜትሮሎጂ ቢሮ አንዲት የኮምፒውተር ትእዛዝ ተማርኩልህ፤ እስካሁን እየገረመችኝ ነው። የሺህ ቀን ሙቀት በሰንጠረዥ ተደርድሮ ሳለ፣ «ከዚህ በታች ያለውን ሁሉ በዚህ ተኪ» ብለህ አንድ መስመር ስትጽፍላት፣ የተበላሸ መሣሪያ የመዘገበውን ብቻ ለቅማ ታስተካክላለች፤ ሌላውን ንክች አታደርግም!

ቤት ስገባ በአባባ ሳምንታዊ ክብደት ሞከርኳት። «ከስልሳ ኪሎ በታች ያለውን ሁሉ በስልሳ ተኪ» አልኳት። የመጨረሻዎቹ ዐሥር ሳምንታት በሙሉ ስልሳ፣ ስልሳ እያሉ ተሰለፉ። አባባ ከኋላዬ ሆነው፣ «ይኸው! ሚዛኑ ነው የተበላሸው አላልኩሽም?» ብለው ሳቁ። ትናንት ቀበቷቸውን በምስማር ሲበሱም፣ «ቆዳ ሲያረጅ ይለጠጣል» ነው ያሉኝ። እኔ እዚያው ሚዛን ላይ ብወጣ ግን ያው የዱሮዬ ነኝ።

ትእዛዟን ሰርዤ የቀድሞዎቹን ቁጥሮች መለስኳቸው፤ ከደብዳቤው ጋር ታገኛቸዋለህ። የዕረፍት ፈቃድህን ለዓመቱ መጨረሻ ከምታቆየው አሁን ብትወስደውስ? ናፍቆት ነው እንጂ ሌላ ነገር የለም።

አባባ ብዙ ሰላምታ ልከውልሃል፤ «ለአንድ አሮጌ ሚዛን ብሎ መንገድ እንዳይጀምር» ብለዋል። አንተ ግን ጀምር።

ታናሽ እህትህ