ስምንተኛው በር

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 9 ቀን

ለምወድሽ ልጄ፣

እንዴት ነሽልኝ? ብርዱስ እንዴት ይዞሻል? እኔ ደህና ነኝ። እናትሽም ትበላለች፣ ትተኛለች፤ ከዚህ በላይ አትጠይቂኝ።

ወንድምሽ ካረፈ አራት ወር ሆነው። ዛሬ የምጽፍልሽ ግን ስለዚያ አሮጌ የጌም ካሴታችሁ ነው። «ላክልኝ አባዬ፣ ስምንተኛው በር ላይ ሁለታችንም ቆመን አለን» ብለሽኝ ነበር። እሱም «እሷ ሳትመጣ አልገባም» እያለ ለማንም ሳያስነካ ነው ያቆየው።

ከመላኬ በፊት ከፈትኩት። ውስጡ ያለችው፣ የደረሳችሁበትን የምትይዘው ትንሿ ባትሪ አርጅታለች፤ መንገድ ላይ ብትሞትስ ብዬ። አሮጌዋ ከመነሳቷ በፊት ሌላ ባትሪ በሽቦ መገናኘት አለበት፣ ያለዚያ የያዘችው ሁሉ ይጠፋል። አርባ ዓመት ሬዲዮና ቴሌቪዥን ስጠግን በስንቱ ተለማማጅ ላይ ስለዚሁ ጮኼያለሁ! አገናኘሁም፤ ግን ፖዘቲቭና ኔጋቲቩን አዟዟርኩት። ዓይኔ ደክሟል፣ እናትሽን ደብቄያት ነው። መልሼ ስከፍተው ስማችሁ የለም። በገዛ እጄ አጠፋኋችሁ።

መጀመሪያ ላታልልሽ አስቤ ነበር፤ እስከ ስምንተኛው ደርሼ፣ ስማችሁን ጽፌ ልልክልሽ። ጌሙ ግን ለብቻ አይሆንም። ሁለቱ ሰዎች አብረው ካልተራመዱ ስክሪኑ ወደፊት አይሄድም። እናትሽን ለመንኳት።

«በዚህ ዕድሜዬ ዝለይ ልባል?» አለች። ተቀመጠች ግን። እሷ ያንቺን ቀዩን ሰው ያዘች፣ እኔ የወንድምሽን አረንጓዴውን። ወንድምሽን በዝላዩ ቁንጫ እያልን ነበር የምንጠራው፤ የሱ ሰው ግን እኔ እጅ ሲገባ አንዲት ቦይ መዝለል አቃተው።

ሦስተኛው ደረጃ ላይ ጉድጓድ ገባሁ፤ ነፍሴ አለቀች። እናትሽ ሳታውቅ የሆነ ነገር ተጫነች። ከቀዩ ነፍስ አንዷ ተቀነሰችና አረንጓዴው ብድግ አለ።

«ምን አደረግኩ?» አለች።

«ከራስሽ አካፈልሽው።»

«እንደዚህ ይቻላል እንዴ?»

«ይቻላል» አልኳት።

ጆይስቲኩን ጭኗ ላይ አድርጋ ስቅስቅ ብላ አለቀሰች። ከዚያ ወዲህ አልነካነውም።

ስለ ወንድምሽ ሕመም እሷ የምታውቀው እኔ የነገርኳትን ነው፤ ያንቺ ኩላሊት ለወንድምሽ አልሆነም ብዬ። አንቺም እሱም ይህንኑ ነው የሰማችሁት። ልጄ፣ የላክሽው የምርመራ ውጤት ከሱ ጋር ተስማምቶ ነበር። ሐኪሙ «ቶሎ ትምጣ» አለኝ። ሁለታችሁንም በአንድ ቀን ቢላ ስር አስተኝቼ ሁለታችሁንም ባጣስ ብዬ ፈራሁ። ሌላ ሰጪ ይገኛል ብዬ ጠበቅሁ፤ አልተገኘም።

በመጨረሻው ሳምንት እጄን ይዞ «አትዘን አባዬ፣ ባይሆንላት ነው እንጂ ትሰጠኝ ነበር» አለኝ። እንዳመነው ተውኩት። ልጄን እየዋሸሁ ሸኘሁት።

ካሴቱ ከደብዳቤው ጋር አለ፤ ባዶ ነው። የኩላሊቱን ነገር ለእናትሽ እስካሁን አልነገርኳትም፣ መጀመሪያ አንቺ እንድትሰሚው ብዬ። ከኔ ጋር መነጋገር ቢያስጠላሽ አልፈርድብሽም፤ ለእሷ ግን መደወልሽን አትተዪ።

ለመመረቅ አፍ የለኝም፤ ቢሆንም አባት ነኝና ዝም ብዬ መዝጋት አልቻልኩም። በሄድሽበት ሁሉ ጤና ይስጥሽ። ክፉ አይንካሽ። የወንድምሽን ዕድሜ ላንቺ ይጨምርልሽ።

አባትሽ