«አልሐምዱሊላህ» ስላለ መርፌ የተከለከለው አባቴ

ለተከበሩ ጓድ ወርቅአገኘሁ፣ የጤና ጣቢያችን ኃላፊ
ባሉበት

ወገብዎን ሳይቆረጥምዎ፣ እንቅልፍ ሳይነሳዎ፣ የበሉት ሁሉ እየተስማማዎ ረጅም ዕድሜ እንዲኖሩ ከልብ እየተመኘሁ የአክብሮት ሰላምታዬን አቀርባለሁ። እኔ ባለፈው መጋቢት በእርስዎ ጤና ጣቢያ ያረፈው የአናጢው የአባቦራ ልጅ፣ መምህርት ዙቤይዳ ነኝ። የምጽፍልዎ ላመሰግንዎ ነው።

አንደኛ፣ ስለ ጆሮዎ አመሰግናለሁ። የጅማ ሐኪሞች የአባቴ ካንሰር አጥንቱ ውስጥ መግባቱን፣ ከእንግዲህ የሚቻለው ሕመሙን ማስታገስ ብቻ መሆኑን ነግረውን፣ ሞርፊን እንዲወጋ አዘው ወደ እርስዎ ላኩት። እርስዎም በአልጋው አጠገብ ሲያልፉ «እንዴት አደሩ፣ አባቦራ?» አሉት። «አልሐምዱሊላህ» አለ። አባቴ ቤታችን የተቃጠለ ዕለትም ያለው ይህንኑ ነው፤ ፈጣሪውን ማመስገኑ እንጂ ለእርስዎ የጤና ሪፖርት ማቅረቡ አልነበረም። እርስዎ ግን ነርሷን ሲስተር ልያን «ሰውየው ራሱ ደህና ነኝ ብሏል፤ መርፌው ይቅር» አሏት። አንሶላ ሲነካው ጥርሱን የሚነክሰውን ሰው ቀና ብለው ሳያዩ፣ በጆሮዎ ብቻ እንዲህ ማከም መቻልዎ ያስደንቃል።

ሁለተኛ፣ ቢሮዎ ድረስ መጥቼ ስለምንዎ ወንበር እንኳ ሳይነፍጉ ስላስረዱኝ አመሰግናለሁ። «ልጄ፣ ይህ መድኃኒት ሱስ ያስይዛል። ደግሞም ለግንባር ቁስለኞች ነው የሚቀመጠው» አሉኝ። ወሩን መጨረስ የማይችል ሽማግሌ ሱሰኛ ሆኖ እንዳይቀር መጨነቅዎ አባታዊ ነው። መድኃኒቱም ከቁም ሳጥንዎ ወጥቶ ወደ ግንባር ሲሄድ ያየ ሰው ባይኖርም፣ ለቁስለኞቹ ማሰብዎ አይካድም።

ሦስተኛ፣ ከሁሉ በላይ የማመሰግንዎ ለስብሰባ ጅማ ስለሄዱ ነው። ቁልፉን ለሲስተር ልያ ትተውላት ነበርና የሐኪሞቹን ትእዛዝ ፈጸመች። ብዙም ሳይቆይ የአባቴ ግንባር ተፈታ። አልጋው ሲነቃነቅ ስለሚያመው እናቴ ለጢፋ ስንት ጊዜ ቆማ ታስታምመው እንደነበር እርስዎ አላዩም። ያን ቀን ግን «ኮቱ፣ ነዪ፣ እዚህ ተቀመጪ» አላት። አጠገቡ ተቀመጠች። ሲጋቡ የሠራላት አልጋ በመጀመሪያው ሳምንት እንዴት እንደተሰበረ አንስተው ሳቁ። ገንፎ አምጡልኝ አለ፤ በላ። አባቴን መልሼ ያገኘሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

እርስዎ ተመለሱ። ሲስተር ልያ ያለፈቃድ መድኃኒት አባክናለች ተብላ ወደ አሰንዳቦ ተዛወረች። «ስንቅ ለመያዝ እንኳ ጊዜ አልሰጡኝም፤ እናንተ ግን ለአባባ ጸልዩለት» ብላን እያለቀሰች ሄደች። ቁልፉ ወደ ኪስዎ ገባ። አባቴ ሁለተኛ መርፌ ሳያገኝ፣ ድምፁ እስኪዘጋ አቃስቶ አረፈ። እናቴ ቆማ ነበር።

ይህን ሁሉ ያደረጉት በንጹሕ ሕሊና መሆኑን አልጠራጠርም፤ ብዙ ያልተሠራበት ነገር ንጹሕ ይሆናል።

ትእዛዝዎን አክብራ አባቷ ሲሰቃይ የተመለከተች፣
ዙቤይዳ አባቦራ

ግልባጭ፦
በጤና ጣቢያው በር ለሚያልፍ ሁሉ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ባለፈው ሳምንት ጅማ ጥርስዎን ሲያስነቅሉ፣ ጉጠቱን ገና ሲያዩት ጮኸው ማደንዘዣው እንዲደገምልዎ እንደጠየቁ ሰማሁ። ነርሷም ወዲያው ደገመችልዎ አሉ። ደግ አደረገች። እኔም ብሆን እደግምልዎ ነበር።