ሳልሰማ ያልኩት አሚን

ይድረስ ለወንድሜ ለሳላሀዲን፣ ጅዳ

አሰላሙ ዓለይኩም ወራህመቱላሂ ወበረካቱህ። ለመሆኑ እንዴት ነህ፣ ሰውነትህ እንዴት ነው? ያ ወገብህ ተሻለህ ወይስ አሁንም ብሎኬት ስትሸከም ይነሳብሃል? እንቅልፍህስ፣ ምግብህስ? ጅዳ በታኅሣሥም ይሞቃል ሲሉኝ አዘንኩልህ፤ የሮቤ ብርድ ያሳደገው ልጅ እንዴት ቻለው ብዬ። ውሃ ጠጣ፤ ታላቅህ ነኝና ማዘዝ አለብኝ። እኛ አልሀምዱሊላህ ደህና ነን። ደህና ነን ያልኩህ ወጉ ስለሆነ ነው። እኔስ ደህና አይደለሁም፤ ፈርቻለሁ።

ምን ነክቷት በወረቀት ጻፈች ሳትል አልቀረህም። ስንደዋወል አባባ አጠገቤ ናቸው፤ ስፒከር ላይ አድርጊው ካሉ በኋላ ምን ይወራል? በቴሌግራም እንዳልጽፍልህ ስልኬ የልጆቼ መጫወቻ ሆኗል፤ ያገኙትን ሁሉ ጮክ ብለው ያነባሉ። ጎረቤታችን ጁሀራ ለዑምራ ልትመጣ ነው ሲሉኝ ሮጬ ሄጄ ለመንኳት፤ እሺ ብላለች። ቁጭ ብለህ አንብበው፤ ቆመህ እንዳታነበው።

ነገሩ የአባባ ዓይን ነው። ሐምሌ ላይ ሻይ ሲቀዱ ከብርጭቆው አጠገብ ጠረጴዛው ላይ አፈሰሱት፤ አፍስሰውም ብርጭቆውን አንስተው ሊጠጡ። እኔ ሳቅሁ፤ እሳቸው ግን አልሳቁም። በማግስቱ ጎባ ሆስፒታል ወሰድኳቸው። ሐኪሙ ደህና ሰው ነው፤ አልደበቀንም። በዓይናቸው ውስጥ ያለው ግፊት ነርቩን ጎድቶታል፣ የጠፋው አይመለስም፣ የቀረውን በጠብታ እንጠብቃለን አለ። እስከ መቼ ብለው አባባ ጠየቁት። ምናልባት አንድ ዓመት፣ ምናልባትም ከዚያ በላይ፣ አላህ ነው የሚያውቀው አላቸው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጠብታውን የማደርግላቸው እኔ ነኝ። እጄ ስለሚንቀጠቀጥ ጉንጫቸው ላይ ይወድቃል፤ እሳቸው ደግሞ ለካ ጉንጬም ታሞ ኖሯል እያሉ ያሾፉብኛል።

ከጎባ ስንመለስ ሚኒባሱ ውስጥ በመስኮቱ በኩል ተቀምጠው ሮቤ እስክንገባ ውጭውን ሲያዩ ቆዩ። ስንወርድ፣ እንግዲያው በሚመጣው ዓመት አገር መዞር አለብኝ አሉ። እንደምታውቀው ሠላሳ ዓመት ሙሉ በጭነት መኪና የሳነቴን ተራራ እያቋረጡ ከደሎ መና ቡና ጭነው ጎባ አራግፈዋል፤ አንድ ቀን መኪና አቁመው ግራ ቀኙን አላዩም። መሪ የያዘ ሰው መንገድ እንጂ አገር አያይም ይሉን አልነበር? ይኸው አሁን ሊያዩ ተነሱ።

እኔም ደስ ይበላቸው ብዬ ቦታ ማማረጥ ያዝኩ። ግቢያችን ውስጥ ቤት የተከራየችው መምህርት ሸዋዓለም፣ ያቺ የደብረ ማርቆሷ፣ በስልኳ የሐዋሳን፣ የላንጋኖን፣ የወንጪን ፎቶ እያወጣች አሳየቻቸው። ሜዳ ነው፣ ወንበር አለ፣ ዓሣም ይበላሉ እያልን እኔና እሷ አሻሻጥን። አባባ ስልኩን አፍንጫቸው ድረስ አስጠግተው እያንዳንዱን አደነቁ። ከዚያ መለሱላትና፣ ሐይቁ ይቆየኝ ልጄ፣ ውሃ በጆሮም ይታያል አሏት። ሸዋዓለም ሳቀች፤ ቆየት ብላ ግን ክፍሏ ገብታ ስታለቅስ ሰማኋት።

አሁን የኔን ሞኝነት ስማ። መስከረም ላይ እንደ ልማዳችን ሽማግሌዎቹ ለዓመቱ ዱዓ እኛ ቤት ተሰበሰቡ። ሰርግ ያሰበ፣ ቤት ሊሠራ ያሰበ፣ መንገድ ያሰበ ሁሉ እዚያው ይናገራል፤ ዱዓ ተደርጎ አሚን ከተባለበት በኋላ ወደ ኋላ የለም። እኔ ጓዳ ሆኜ ሻይ በፔርሙስ እሞላ ነበር። ዱዓውን የሚመሩት የሀጂ ወዚር ድምፅ ከፍ ሲል ሰማሁ፣ ቃሉን ግን አልሰማሁም። እንደለመድኩት ከመጋረጃው ጀርባ አሚን አልኩ፤ ያውም ከሁሉም በላይ ጮክ ብዬ። ባለቤቴ መሀመድአወል ፊቱ ተለዋውጦ ገባና፣ ለምን አሚን እንዳልሽ ታውቂያለሽ አለኝ። ለካ አባባ የተናገሩት የሦስት ቦታ መንገድ ኖሯል፤ መጀመሪያ ሶፍ ዑመር ዋሻ፣ ቀጥሎ ሳነቴ፣ መጨረሻ ድሬ ሼህ ሁሴን። ከማን ጋር ሲሏቸውም ከልጄ ከዙሀይራ ጋር ብለዋል።

ዋሻ! መብራት ሲጠፋ ሽንት ቤት ለመሄድ ባሌን የምቀሰቅስ ሴት፣ ወንዝ በሆዱ የሚያልፍ ዋሻ ውስጥ ዓይኑ የደከመ አባቴን ይዤ ልገባ። ቆሌዬ ተገፈፈ። ሀጂ ወዚር ቤት ሄጄ፣ አባቴ ሆይ፣ ሳልሰማ ያልኩት ነው፣ አውርዱልኝ ብዬ ለመንኳቸው። አሚኑን ያልሽው አንቺ፣ የሰማው አላህ፣ እኔ መሃል ምን አገባኝ አሉኝ። ከአፍ የወጣ አፋፍ ማለት ይኸው ነው። እየተናደድኩ ሄጄ እየፈራሁ ተመለስኩ።

ከፍርሃቱ ይልቅ አንድ ነገር አልገባ ብሎኝ ነበር። በጆሮ የሚታየው ይቆየኝ ካሉ፣ ዋሻውን ለምን አስቀደሙት? ጨለማው ራሱ እቤታቸው ድረስ እየመጣ፣ እሱ ቤት ሄዶ ማንኳኳት ምን ይሉታል? ብጠይቃቸው ስንደርስ እነግርሻለሁ ይሉኛል።

ኅዳር መጨረሻ ላይ፣ ዝናቡ ቆሞ የዋሻው ወንዝ ወይብ ሲጎድል፣ መሀመድአወል የወንድሙን መኪና ተውሶ ወሰደን። ሲናና ላይ ኮምባይነሮቹ ስንዴ እያጨዱ ነበር። አባባ ግንባራቸውን መስታወቱ ላይ ለጥፈው፣ ስንዴው ምን መልክ አለው አሉኝ። ቢጫ ነው ስላቸው የትኛው ቢጫ አሉ። ምን ብዬ ልመልስ? የበሰለ ቢጫ አልኳቸውና ፊቴን አዞርኩ። ጎሮን አልፈን ቆላው ላይ ስንወርድ ሙቀቱ ጀመረ፤ የእኔ እጅ ግን እንደ በረዶ ቀዝቅዞ ነበር።

ማሜ የሚባል አስጎብኚ ባትሪ ይዞ ከፊት መራን፤ አባባ ትከሻዬን ይዘው ተከተሉ። እያንዳንዱ ድንጋይ ላይ ቢስሚላህ እያልኩ ነው የረገጥኩት። ውስጡ ምሰሶው፣ ጣሪያው፣ ሱብሃነላህ፣ ሰው የጠረበው ነው የሚመስለው። አባባ በባትሪው ብርሃን ቀና ብለው ብዙ አዩ። አንዱን ምሰሶ በመዳፋቸው እየዳሰሱ ዞሩት። ከዚያ ማሜን፣ በል አሁን አጥፋው አሉት፤ መሀመድአወልንም ስልክህን አጥፋ አሉት።

ጠፋ። ሳላሀዲን፣ እንደዚያ ያለ ጨለማ አላውቅም። ዓይኔን ከፈትኩ፣ ጨፈንኩ፣ ልዩነት የለውም። ጮህኩ፤ ጩኸቴ ከጣሪያው ተመልሶ ሲመጣ የሌላ ሰው መስሎኝ ደግሜ ጮህኩ። እዚያው የምሞት መሰለኝ። የአባባ እጅ ፈልጎ እጄን ያዘ። ልጅ ሳለን ውሻ ሲያስደነግጠን እንደሚሉን ሂንሶዳቲን፣ አትፍሪ አሉኝ። የእኔ እጅ ይንቀጠቀጣል፣ የእሳቸው አይንቀጠቀጥም። ወንዙ በቀኛችን ነው፣ ነፋሱ ከመግቢያው ነው የሚመጣው፣ ነይ እኔ አወጣሻለሁ አሉኝ። በእግራቸው ድንጋዩን እየፈተሹ፣ እየቆሙ፣ ፊታቸውን ወደ ነፋሱ እያዞሩ መሩኝ። ማሜ ከኋላችን ባትሪውን ይዞ ነበር፤ ሳያበራው ብርሃኑ ጋ ደረስን።

ውጭ ድንጋይ ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። አባባ አጠገቤ ተቀመጡና የመጡበትን ምክንያት ነገሩኝ። መውጫው እያለኝ ልግባና ልየው ብዬ ነው፣ ክፉ መስሎኝ ነበር፣ እንዳሰብኩት አይደለም አሉ። ቀጥለውም፣ እኔ የምፈራው ጨለማውን ሳይሆን ያንቺን መፍራት ነው፤ እቤት ውስጥ እኔን ባየሽ ቁጥር ስትደነግጪ እየሰማሁ ልኑር ወይ አሉኝ። ከዚያ ወዲህ ጠብታው ጉንጫቸው ላይ አይወድቅም።

ደብዳቤው እዚህ ላይ ቢያበቃ ደስ ባለኝ። ፍርሃቱ ግን ከዋሻው ጋር አልቀረም። ቀጣዩ ሳነቴ ነው፤ ሰማዩ የሚጠራው ጥር ላይ ነው ተብሎ ለዚያ ተቀጥሯል። ብርዱን፣ የአየሩን መሳሳት፣ ደረታቸውን ሳስብ ይጨንቀኛል። እሳቸው ግን ሳነቴ በጆሮ አይታይም፣ ጅብራውንና ቀይ ቀበሮውን ቆሜ ማየት አለብኝ ይላሉ። ዘንድሮ ካላዩት መቼም አያዩትም።

የባሰውን ልንገርህ። ሁልጊዜ ከሱብሂ ሰላት በኋላ መስኮቱ ጋ ይቀመጡና፣ ያንን ነጭ ሸሚዝ ለብሰህ የላክኸውን ፎቶ አፍንጫቸው ድረስ አስጠግተው ያያሉ። ከስቷል ይላሉ፣ ወይም ፂም አብቅሏል ይላሉ። ትናንት ጠዋት በሩ ላይ ቆሜ አየኋቸው። ፎቶውን ገልብጠው ይዘውታል። እግርህ ወደ ላይ ሆኖ፣ ግንባሩ የኔን ይመስላል እያሉ ለብቻቸው ያወራሉ። ትንፋሼን ውጬ ተመለስኩ። ላርመውስ ብል እንዴት ብዬ?

ላንተ እንዳልነግርህ ከልክለውኛል። ለዓይኔ ብሎ ሥራውን ጥሎ እንዳይመጣ፣ ሲመጣ ይመጣል፣ ድምፁን አውቀዋለሁ አሉ። ይዋሹ፤ አባት ናቸውና ይዋሹ። እኔ ግን ድምፅህ አይበቃቸውም እልሃለሁ። አሠሪህ ፈቃድ እንደሚነፍግህ፣ የመኖሪያ ወረቀትህም ነገር እንዳለ አውቃለሁ፤ ለኢድ እመጣለሁ ግን አትበለኝ። ለጥር ዱዓ ተደርጓል፤ ሳነቴም አይጠብቅህም፣ የአባባ ዓይንም አይጠብቅህም። የፈሩት ይደርሳል ይባላል፤ እኔ የምፈራው አንተ መጥተህ ፊታቸው ቆመህ፣ ማነው ብለው እንዳይጠይቁ ነው።

አብረውህ ለሚኖሩት፣ ከገሰራ ለመጡት ልጆች ሁሉ ሰላምታዬን አድርስልኝ። መሀመድአወል፣ ጎባ ድረስ ወጥቼ እቀበለዋለሁ በይው ብሏል። ልጆቼ እጅህን ይስማሉ፤ ትንሿ ቸኮሌት ብላለች፣ አንተ ራስህን ካመጣህ ይበቃታል። ሸዋዓለም እግዜር ያምጣህ ትላለች። ሀጂ ወዚር ዱዓ ያደርጉልሃል። የአባባን ሰላምታ አልጻፍኩልህም፤ መጻፌን አያውቁም፣ እሱን ራስህ መጥተህ ተቀበል።

እኔ ሳልሰማ ነው አሚን ያልኩት። አንተ ግን ይኸው ሰምተሃል። አሚን በል።

እህትህ ዙሀይራ
ሮቤ፣ ታኅሣሥ 12 ቀን 2017 ዓ.ም.